የጮቄው የስልክ ድንጋይ

ጮቄ ላይ ኔትወርክ የለም የሚል ሰው አለ፤ አለ የሚልም አለ። ሁለቱም አልዋሹም። ከደብረ ማርቆስ ተነስቶ በረቡዕ ገበያ በኩል ሽቅብ የሚወጣ መንገደኛ ስልኩ አንዱ ጉብታ ላይ አፉን ሲፈታ፣ ሸለቆ ሲገባ ድዳ ሲሆን፣ ማዶ ተረተሩ ላይ ደግሞ እንደገና ሲንተባተብ ይታዘባል። የአገሩ ሰው ይህን ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። መልእክት የት እንደሚያልፍ፣ ድምፅ የት እንደሚቆራረጥ፣ የት ቦታ መሞከር ባትሪ ከመጨረስ በቀር ፋይዳ እንደሌለው ጠይቆ መረዳት ይቻላል። ከከተማ የምንመጣው ግን ነገሩን ለሁለት ከፍለን እንመጣለን፤ ወይ ስልክ፣ ወይ ተራራ።

የወጣነው በጥቅምት 2012 ዓ.ም. ነው። ክረምቱ አልፎ ጭቃው ደርቋል፤ ሰማዩ ጠርቷል፤ ገብሱ ቢጫ ለብሷል። ጎጃምን ለማየት ከጥቅምት የተሻለ ወር አላውቅም፣ ብርዱን ለቻለ ሰው። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለው ይህን ብርድ የሚያውቅ ሰው ተናግሮት መሆን አለበት።

እኔ ከአዲስ አበባ የመጣሁት ለመጥፋት ነበር። ሥራዬ ቀኑን ሙሉ ስልክ ማንሳት ነው፤ ማታ ደግሞ ያላነሳኋቸውን መልሶ መደወል። የዓባይን በረሃ ተሻግረን ደጀን ስንደርስ «ከነገ ጀምሮ የለሁም» ብዬ ለሁሉም ጽፌያለሁ። አብሮኝ የሚሄደው ጓደኛዬ ደብረ ማርቆስ አስተማሪ ነው፤ አባቱ ቢቸና ታመው ተኝተዋል። ሆቴሉ በረንዳ ላይ ቡና ይዘን ስልክ እንዝጋ፣ አንዝጋ ስንከራከር አመሸን። እኔ ስለ ጸጥታ፣ ስለ አእምሮ ዕረፍት፣ ወፍ ሳይሰሙ ዘመን ስለማለፉ ረዘም ያለ ንግግር አደረግሁ። እሱ አዳምጦኝ ሲያበቃ፣ «አንተ መጥፋት የቻልከው የሚፈልግህ ሰው ሁሉ ጤነኛ ስለሆነ ነው» አለኝ። ለዚህ መልስ አልነበረኝም፤ ቡናዬን ጠጣሁ።

የተስማማነው ቀን ስልኩን ዘግተን ማታ ማታ ልንከፍተው ነው። ካርታውን አስቀድመን በስልካችን ላይ አወረድን። ብዙ ሰው የሚያምታታው ነገር ስላለ እዚህ ላይ ልበለው፤ የስልክ ጂፒኤስ ከሳተላይት የሚመጣውን ምልክት ይቀበላል እንጂ ወደ ሳተላይት የሚልከው ነገር የለም። ስለዚህ ካርታው አስቀድሞ ከወረደ፣ ኔትወርክ በሌለበትም የቆሙበትን ቦታ ያሳያል። ግን የሚያሳየው ለባለቤቱ ብቻ ነው። እኔ የት እንዳለሁ ማወቄ ሌላው ሰው የት እንዳለሁ ያውቃል ማለት አይደለም። ለዚህ የሚበጀው የቆየው ዘዴ ነው፤ የምንሄድበትን መንገድ፣ የምናድርበትን መንደርና የምንመለስበትን ቀን በወረቀት ጽፈን ለጓደኛዬ የሥራ ባልደረባ ሰጠነው። «እስከዚያ ማታ ድረስ ካልደወልን ፈልጉን» የሚል ቃልም ጨመርንበት።

መንገድ መሪያችን ሃምሳዎቹን የተሻገሩ ገበሬ ናቸው። በርኖስ ደርበው፣ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው፣ ጓዛችንን የጫነችውን በቅሎ ከፊት አስቀድመው መጡ። ስልክ አላቸው፤ ባለቁልፍ፣ ጫፉ ላይ መብራት ያለው፣ በፌስታል ሁለት ጊዜ ተጠቅልሎ በክር የታሰረ። ተዘግቷል። ስልክ መዝጋት ለእኔ ትልቅ ውሳኔ ነበር፤ ለእሳቸው የየዕለት ቁጠባ ነው። ባትሪው ካለቀ ገበያ ወርደው፣ ሶላር ያለው ሱቅ ውስጥ ከፍለው ነው የሚያስሞሉት። «ጋሼ፣ ሰው ቢፈልግዎትስ?» አልኳቸው። «የሚፈልገኝ ሰው መቼ እንደምከፍተው ያውቃል» አሉኝ።

አወጣጡ ቀስ በቀስ ነው። የድንችና የገብስ ማሳው አልፎ አልፎ ከባሕር ዛፍ ጋር እየተፈራረቀ፣ ይበቃል ከሚሉት ከፍታ አልፎ ይከተላል። ተራራው እስከዚህ ድረስ መታረሱ ያሳዝናል፤ የሚያርሰው ሰው ሌላ መሬት እንደሌለው ሲያስቡት ደግሞ ኀዘኑ ወዴት እንደሚዞር ይጠፋል። ከማሳው በላይ ጓሳ ሣሩና አስታው ይመጣል፤ ከዚያ ጅብራው። ጅብራ ለዓመታት ቀስ ብሎ ያድግና አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ ይደርቃል። ጭጋግ ውስጥ በየቦታው ቆሞ ሲታይ እግረኛ እየመሰለ ያስደነግጣል። ጮቄ ከአራት ሺህ ሜትር በላይ ነው። ቸሞጋ፣ ሙጋ፣ ሱሃ፣ ተምጫ፣ ጀድብ ከዚሁ ተራራ ተነስተው፣ ጎጃምን እንደ መቀነት የታጠቀውን ዓባይን በየአቅጣጫው ይቀላቀሉታል። እግራችን ሥር የሚንኳኳው ውኃ ከመሬቱ ጠብ ጠብ እያለ፣ ጥቂት ወረድ ብሎ ጅረት ሲሆን በዓይን ይታያል። ይህን ሳይ ስልኬን ረስቼዋለሁ። ለፎቶ ካልሆነ በቀር።

የጓደኛዬ ስልክ ጠዋት ስንነሳ ሞቶ ነበር። ማታ ከግማሽ በላይ ባትሪ ነበረው፤ ደግሞም አልዘጋውም ነበር። በአንድ ቀዳዳ ሁለት ጠላት ገብቶበታል። አንደኛው ብርዱ ነው፤ ሊቲየም ባትሪ ሲቀዘቅዝ ኃይሉን እንደልብ አይሰጥም፣ ያለውም እንዳለቀ ሆኖ ስልኩ ይጠፋል። ሁለተኛው ፍለጋው ነው፤ ኔትወርክ የሌለበት ቦታ ላይ የተከፈተ ስልክ ሌሊቱን ሁሉ አንቴና ሲፈልግ ያድራል። ስልኩን ብብቱ ሥር ከትቶ ሲያሞቀው ነቃ፤ ከባትሪውም የተወሰነው ተመለሰ። መሪያችን ይህን ሁሉ ጋቢያቸውን ተከናንበው ሲያዩ ቆይተው፣ «ዶሮ ልታስፈለፍል ነው?» አሉት።

ጭጋጉ የወረደው አናቱን አይተን ስንመለስ ነው። ወርዶ የሚያበቃ ጭጋግ አልነበረም፤ በቅሎዋ ሦስት እርምጃ ስትቀድመን ጭራዋ ብቻ ይቀራል። ካርታውን ከፈትኩ። ነጥቧ አለች፣ የቆምንበትን ታሳያለች፤ የመጣንበት ቀጭን መስመርም አለ። ነጥቧ ያላሳየችን ግን በእኛና በመስመሩ መካከል ያለውን ገደል ነው። መሪያችን ስልኩን አይተው፣ «ጥሩ ነው፣ ያዘው» ብለው ቆሙ። ከዚያ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ረዥም፣ መጨረሻው ወደ ላይ የሚሰበር ጥሪ ለቀቁ። ዝም። ደገሙት። ከግራችን፣ ካልጠበቅነው አቅጣጫ፣ የጅራፍ ድምፅ መጣ፤ ቀጥሎም የልጅ ድምፅ። ልጁ ከብቶቹን ይዞ የቆመው መንገዱ ላይ ነበር። ሁለቱ እየተጠራሩ፣ ልጁ በየጊዜው ጅራፉን እያጮኸ፣ ወደ ድምፁ ወሰዱን። ስንደርስ አሥር ዓመት የሚሆነው እረኛ፣ ደበሎ ለብሶ፣ እኛን ለማዳኑ ምንም ሳይደነቅ «ብስኩት አላችሁ?» አለን። ነበረን።

ተራራ ወጪዎች በዓለም ዙሪያ የሚግባቡበት የድረሱልኝ ምልክት አለ፤ በደቂቃ ውስጥ ስድስት ጊዜ መጮኽ፣ ፊሽካ መንፋት ወይም መብራት ብልጭ ማድረግ፣ አንድ ደቂቃ ማረፍ፣ እንደገና ስድስት። የሰማው ሰው በደቂቃ ሦስት ጊዜ ይመልሳል። ለመሪያችን ነገርኳቸው። «ስድስት ለምን? የሰማ በአንዱ ይመጣል» አሉ። ፊሽካውን ግን ወደዱት፤ ሰጠኋቸው።

በዚያው ወሬ ላይ የልቤን ጠየቅሁ። «ጋሼ፣ እዚህ አንዳችን እግራችን ቢሰበር ምን ይደረጋል?»

«ቃሬዛ ይመጣላ።»

«ማን ይጠራዋል?»

«ስልኩ ይጠራል። ስልክ ይጠራል እንጂ አይሸከምም።»

በርኖሳቸው ውስጥ ካለ ቆርቆሮ ሣጥን አንድ የደብተር ቅጠል አወጡ። ሴት ልጃቸው በጥንቃቄ የጻፈችው የስልክ ቁጥር ዝርዝር ነው፤ ከየመንደሩ አንድ ሰው፣ ከጤና ኬላው አንድ ሰው፣ ከላይኛው ጎጥ ባለ በቅሎ። አምቡላንስ ቢጠራም መኪናው የሚመጣው መንገዱ እስካለበት ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው በሰው ትከሻ ነው፣ እየተቀባበሉ። እኔ ስልኬ ውስጥ ከሺህ በላይ ስም አለኝ። እግሬ እዚያ ቢሰበር በአንድ ሰዓት ውስጥ ሊደርስልኝ የሚችል ከነዚያ አንድም አልነበረም። ዝርዝሩን ገለበጥኩት። ስልክ ይዘን እንውጣ ወይስ ትተን የሚለው ክርክራችን ለእኔ ያለቀው እዚያ ነው፤ ጥያቄው ስልኩ ማንን ይጠራል ወደሚለው ዞረ።

ማታ ያደርነው ከመሪያችን ዘመዶች ቤት ነው። ጀምበር ስታዘቀዝቅ የመንደሩ ሰው አንድ በአንድ ወደ ጉብታው ሲወጣ አየን፤ ጸሎት መስሎኝ ነበር። ጉብታው ላይ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ፤ ድንጋዩ ላይ የቆመ ሰው ስልክ ይይዝለታል፣ ወርዶ መሬት የረገጠ አይይዝለትም። ተራ አለው። ማንም አይጋፋም፤ ተራ የደረሰው ይወጣል፣ ይናገራል፣ ይወርዳል። የሚናገረውንም ሁሉም ይሰማል፤ ምሥጢር ያለው ሌላ ድንጋይ ይፈልግ።

ጥቅምት የሰሊጥ አጨዳ ወር ነው። ከዚህ ደጋ ወጣቱ ወደ መተማና ወደ ሁመራ ቆላ ለቀን ሥራ ይወርዳል። ተራውን ከሚጠብቀው ሰው አብዛኛው የሚጠራው እዚያ የወረደ ልጅ ነው። አንዲት እናት ከፊታችን ወጡ። ስልኩን የያዘላቸው ሌላ ልጅ ነው። ልጃቸው ሲያነሳ ጤናውን ጠየቁ፣ ወባ ይዞት እንደሆነ ጠየቁ፣ መልሱን ሳያምኑ እንደገና ጠየቁ። «አስልልኝ እስቲ» አሉት። ሳለ መሰለኝ፤ ጆሯቸውን አጣብቀው አዳመጡና «ደኅና ነህ፣ ይቅር» ብለው ወረዱ። እኔ ደጀን ላይ «የለሁም» ብዬ የጻፍኩትን ያሰብኩት ያኔ ነው።

ጓደኛዬ ተራው ደርሶ ድንጋዩ ላይ ወጣ። እንዳይቆረጥበት ፈርቶ እንደ ጅብራ ተገተረ። አባቱ ራሳቸው አነሱ። ከየት እንደሚደውል ሲነግራቸው ስለ ሕመማቸው አንድም ቃል ሳያነሱ፣ የላይኛው ገብስ ታጭዷል ወይ ብለው ጠየቁት። ጓደኛዬ ወደ ሰልፈኛው ዞሮ ጠየቀ። ሰልፈኛው በአንድ ድምፅ «ገና ነው!» አለ። አባትየው ሰምተው ሳቁ፤ ሳቃቸው ለሁላችንም ተሰማ።

እኔም ወጣሁ። የምደውልለት ሰው አልነበረኝም፤ ለባልደረባው «ደኅና ነን፣ በቀጠሯችን እንመለሳለን» የሚል አጭር መልእክት ላክሁ። መልእክት ድምፅ በማያልፍበት ደካማ ምልክት ላይ እንኳ ሾልኮ የማለፍ ዕድል አለው። ከመውረዴ በፊት ያልተነበበውን ሁሉ ላየው እችል ነበር። ተራ የሚጠብቅ ሰው እያለ የከተማ ወሬ ማንበብ አሳፈረኝና ዘጋሁት።

አያቴ ቅኔ የተማሩት በዚሁ በጎጃም ነው። ጎንጅና ዋሸራ ስማቸው እስከ ዛሬ በቅኔ ቤት ይጠራል፤ ልጆች አኩፋዳቸውን አንግተው፣ ቤተሰብ አልቅሶ ሸኝቷቸው ይወጡ ነበር፤ ያም ሆኖ ወሬያቸው በገበያ ተመላሽ፣ በተሳላሚ ይመጣል። ደብዳቤ ከመጣ እንደ በዓል ነው። በቤታችን የሚነገረው የአያቴ ጸጥታ ሳይሆን የእናታቸው ጥበቃ ነው። ስለ መጥፋት የሚጻፈውን ሁሉ ሳነብ ይህ ትዝ ይለኛል፤ ጠፊው ይናገራል፣ ጠባቂዋ አትናገርም።

ከዚያ ጉዞ ወዲህ ብዙ ነገር ሆኗል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ ግጭት ሲነሳ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ወራት ቆየ። ደብረ ማርቆስ ያለው ጓደኛዬ ያን ጊዜ በፈቃዱ የዘጋው ነገር አልነበረም። ገመዱ በራስ እጅ ሲሆንና በሌላ እጅ ሲሆን ጸጥታው አንድ ዓይነት አይደለም፤ ስለ ዕረፍት የምጽፈውን ሁሉ ከዚያ በኋላ ቆጠብ አድርጌዋለሁ። አሁን ወደ ጮቄ ልውጣ የሚለኝ ሰው ቢኖርም መጀመሪያ እንዲጠይቅ የምነግረው ስለ ኔትወርክ ሳይሆን ስለ መንገዱ ሰላም ነው፤ የሚጠይቀውም እኔን ሳይሆን እዚያ ያለውን ሰው።

ለመሪያችን ፎቶ እልክልዎታለሁ ብዬ ነበር። ስልካቸው ፎቶ አይቀበልም። ደብረ ማርቆስ ፎቶ ቤት አሳጥበን፣ በፖስታ አሽገን፣ ረቡዕ ገበያ ለሚወጣ ነጋዴ ሰጠነው። ከብዙ ሳምንት በኋላ አመሻሹ ላይ ስልኬ ጮኸ፤ ሰዓቱን አይቼ ከድንጋዩ ላይ መሆናቸውን አወቅሁ።

«ፎቶው ደርሷል፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አሉ። «ባለቤቴ ግን ተቆጥታለች።»

«ምነው ጋሼ?»

«‹አንተንማ በየቀኑ አይሃለሁ፤ የበቅሎዋን ጭንቅላት ለምን ቆረጠው?› ትላለች።»

ከኋላቸው ሰልፈኛው ሲስቅ ይሰማኛል።