አንጋፋዋ ተዋናይትና የተበላሸው ቀረጻ

በኤዲተርነት በሠራሁበት አንድ ተከታታይ ድራማ ላይ እናት ሆነው የሚተውኑ አንጋፋ ባለሙያ ነበሩ። ያደጉት በቲያትር መድረክ ነው። ቴሌቪዥን ላይ ለዓመታት ይሰጣቸው የነበረው ነርስ፣ ጎረቤት፣ ዳኛ መሆን ነው። ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ተናግረው ይወጣሉ። ዋና ገጸ ባሕርይ የሆኑት ዘግይተው ነው።

ወጣቱ ዳይሬክተራችን ግን አልተዋጡለትም። "ምንም እኮ አይሠሩም!" ይላል። ልጃቸው ቤታቸውን በድብቅ እንደሸጠው የሚነግራቸው ትዕይንት ሲቀረጽ ደግሞ ባሰበት። እንዲጮኹ፣ እንዲያለቅሱ ፈልጎ ነበር። እሳቸው ቁጭ ብለው ሰሙ፣ በቃ።

"ትንሽ ስሜት ይጨምሩበት" ቢላቸው፣ "ካሜራው እዚሁ አፍንጫዬ ሥር አይደል? ለማን ልጩህ?" አሉት።

ቀረጻው እኔ ጋ ሲደርስ ጉዱ ፈላ። የልጁ ክሎዝ አፕ፣ ማለትም ፊቱን ከቅርብ የሚያሳየው ምስል፣ በሙሉ ከፎከስ ውጪ፣ ብዥ ያለ ነው። ድምፁ ጥርት ያለ ነው፣ ምስሉ ግን አይረባም። የተከራየነው ቤት ተለቋል፣ ድጋሚ መቅረጽ አይታሰብም። ሁለቱንም አንድ ላይ የሚያሳየው ሰፊው ሹት ደግሞ ሩቅ ስለሆነ ከትዕይንቱ መግቢያና መውጫ አያልፍም። የቀረኝ የልጁን ድምፅ በእናትየዋ ፊት ላይ ማስኬድ ነው።

ዘዴው በእኛ ሥራ የተለመደ ነው። የሚያዋጣው ግን ሰሚው ከልቡ ሲሰማ ነው። ብዙ ተዋናይ የሌላው ተራ ሲሆን ወይ ራሱን ይነቀንቃል፣ ወይ የራሱን ቃል እየጠበቀ መሆኑ ያስታውቅበታል።

በሰከንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ነበር የቀረጽነው፤ የእሳቸውን አንድ በአንድ አየሁት። "ቤቱን" ሲባል ዓይናቸው ከልጁ ፊት ወደ እጁ ይወርዳል። "ፈርሜያለሁ" ሲል አንዴ ዓይናቸውን ጨፈን ያደርጋሉ። ትዕይንቱ በተደገመበት በሌላኛው ቴክም እዚያው ቃል ላይ፣ እንደዚያው! ታዋቂው የፊልም ኤዲተር ዋልተር መርች ጂን ሃክማን የተወነበትን አንድ የ1974 እ.ኤ.አ. ፊልም ሲሠራ፣ ሊቆርጥ፣ ማለትም ወደ ሌላ ምስል ሊያልፍ፣ ባሰበበት ቦታ ሁሉ ማለት ይቻላል ተዋናዩ ዓይኑን እንደሚያርገበግብ አስተውሎ ነበር። ሐሳቡ ሲያልቅ ሰው ዓይኑን ይጨፍናል ባይ ነው። እኔም እዚያው እዚያው ላይ ቆረጥኩ። የልጁን ንግግር አልፎ አልፎ በዝምታ እያራዘምኩ ከዓይናቸው ጋር አገጣጠምኩት።

ዳይሬክተሩ አይቶ "ይሄን መቼ ነው የሠሩት?" አለኝ። በትንሿ ሞኒተር፣ ያውም በሩጫ መሐል፣ አልታየውም ነበር። ከዚያ ወዲህ ለእያንዳንዱ ተዋናይ የማዳመጥ ሹት ለብቻው ያስቀርጻል። አንዳንዶቹ "የማልናገርበት ምን ያደርግልኛል?" እያሉ አጉረመረሙ።

እሳቸው ደግሞ ይባስ ብለው በስክሪፕት ንባብ ላይ እስክሪብቶ ይዘው የራሳቸውን ቃል መሰረዝ ጀመሩ። ደራሲው መጀመሪያ አኩርፎ ነበር፣ በኋላ ራሱ አሳጥሮ ይጽፍላቸው ጀመር። ደግነቱ ክፍያው በቀን እንጂ በቃል ብዛት አልነበረም።