የጎን ግፊት ለሚያርፍበት ምሰሶ፦ ጥልቀት ወይስ ስፋት?

የመሠረት ዲዛይን ልምምዴ መሬት ውስጥ የሚቀበር ምሰሶ ላይ ደርሷል። ቁልቁል የሚወርደው ጭነት ብዙም አያስቸግርም። ከባዱ ነፋስ ነው። አጭር ምሰሶ በጎን ሲገፋ ሳይጎብጥ እንዳለ ይዞራል። መዞሪያው ከተቀበረው ጥልቀት ሁለት ሦስተኛ አካባቢ ነው። ከዚያ በላይ ከፊት ያለው አፈር፣ ከዚያ በታች ደግሞ ከኋላ ያለው ይደግፈዋል።

የሠራሁት በአሜሪካው አይቢሲ የሕንፃ ኮድ፣ ክፍል 1807.3 ነው። ጥልቀቱን ለማግኘት የአፈሩ የጎን አቅም (የጎን ግፊትን የሚቋቋምበት) ያስፈልጋል። አቅሙ የሚወሰደው ግን በዚያው ጥልቀት አንድ ሦስተኛ ላይ ነው። ስለዚህ ገምቶ ማስላት፣ ግምትና መልስ እስኪገናኙ መደጋገም ነው። ኤክሴል ላይ ቶሎ ያልቃል።

ምሳሌዬ የመኪና መጠለያ ምሰሶ ነው። ከመሬት 3 ሜትር ከፍታ ላይ 1.5 ኪሎ ኒውተን ይገፋዋል። ለሸክላ አፈር የኮዱ ሠንጠረዥ በእያንዳንዱ ሜትር ጥልቀት 15.7 ኪሎ ፓስካል ይሰጣል። ዲያሜትሩ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክብ የኮንክሪት መሠረት 2.32 ሜትር መግባት አለበት። 60 ሳደርገው 1.78 ሜትር በቃው። ቁፋሮው በግማሽ ሜትር ገደማ ቀነሰ፤ ኮንክሪቱ ግን ከ0.16 ወደ 0.50 ሜትር ኩብ ዘለለ። ሦስት እጥፍ! ዓለት ካላገዳችሁ በቀር ጠበብ አድርጋችሁ ጠለቅ በሉ።

ከሁሉም የወደድኩት ወለሉን ነው። ጠንካራ የኮንክሪት ወለል ምሰሶውን መሬት ደረጃ ላይ አጥብቆ ከያዘው ቀመሩ ይቀየራል፤ ያው 30 ሴንቲ ሜትሩ 1.6 ሜትር ይበቃዋል። አስፋልት ወይም ጠጠር አይቆጠርም።

የሚያሳስበኝ ጥቁር አፈር ነው። ቦሌ አካባቢ ያያችሁት ታውቃላችሁ፦ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ከምሰሶው ይላቀቃል፣ በክረምት ያብጣል። የሠንጠረዡ ቁጥር ይህን አያውቅም፤ የአፈር ምርመራ የግድ ነው። ለሙከራ የላይኛውን ግማሽ ሜትር እንደሌለ ቆጠርኩት። የግፊቱ ክንድ (ከሚቆጠረው አፈር እስከ ግፊቱ ያለው ከፍታ) 3.5 ሜትር ሆነ፤ ባለ 30ው መሠረት ከመሬት ወለል 2.9 ሜትር ያህል ጠየቀ።

ቀጥሎ የአሜሪካ የግብርናና ባዮሎጂካል መሐንዲሶች ማኅበር ያወጣውን የምሰሶ መሠረት ዲዛይን መመሪያ፣ ኢፒ486ን፣ ልጀምር ነው። እሱ አፈሩን በየንብርብሩ እንደ ስፕሪንግ ስለሚያየው፣ የተሰነጠቀውን ክፍል ለብቻው ማዳከም ይቻላል። ጥቁር አፈር ላይ ምሰሶ ያቆማችሁ፣ ከላይ ስንት ሜትር ትተዋላችሁ?