ኢንቪንሲብል ጥሩ አለቀ ወይስ ቶሎ አለቀ?

መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ። የኢንቪንሲብልን ኮሚክ ሳታነቡ ቲቪውን ብቻ እያያችሁ ያላችሁ አሁኑኑ ውጡ፣ እኔ እስከ ቁጥር 144 ድረስ ማን እንደሚሞት ማን እንደሚነግስ ምንም ሳልደብቅ ነው የማወራው፣ በኋላ ስፖይል አደረግክብኝ የሚል ሰው አልሰማም።

እሺ። ሰሞኑን ሶስተኛውን ኮምፔንዲየም ጨርሻለሁ። ለማያውቅ፣ ኢንቪንሲብል 144 እትም ያለው የአሜሪካ ሱፐርሂሮ ኮሚክ ነው፣ ኮምፔንዲየም በሚባል ሶስት ወፋፍራም ጥራዝ ተጠርዟል፣ የመጀመሪያው እስከ 47፣ ሁለተኛው እስከ 96፣ የመጨረሻው ከ97 እስከ 144። የመጀመሪያውን ዘመድ ከአሜሪካ ሲመጣ በሻንጣው ይዞልኝ መጣ፣ የቀሩትን በታብሌት ነው ያነበብኩት፣ ምክንያቱም ባህርዳር ላይ ኮሚክ የሚሸጥ ሱቅ እኔ አላውቅም፣ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ በናታችሁ። ከጨረስኩ ጀምሮ ደግሞ ፖሊ ኢንጂነሪንግ ከሚማር አንድ ጓደኛዬ ጋር ስንጨቃጨቅ ነው የከረምነው። እሱ «ተጣደፈ፣ 15 አመት ሰርቶ በአንድ እትም ዘጋው» ይላል። እኔ ደግሞ ጥሩ ነው ያለቀው እላለሁ፣ ግን ጥሩ ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ለማስረዳት ትንሽ ዞር ማለት አለብኝ ታገሱኝ።

የሱፐርሂሮ ኮሚክ መጨረሻ መዳኘት እኮ በጣም አስቸጋሪ ነው፣ አብዛኛው አያልቅማ! ክሪስ ክሌርሞንት የማርቭልን ኤክስሜን ከ1975 እስከ 1991 ጻፈ፣ አስራ ስድስት አመት ሙሉ፣ ከዛ ወጣ፣ ኤክስሜን ግን እዛው ቀጠለ፣ ሌላ ሰው ብእሩን ተቀበለ። ይሄ መጨረሻ አይደለም፣ ስራ መልቀቅ ነው። ጄሰን አሮን ቶርን ከ2012 እስከ 2019 ሲጽፍ ትንሽ ብልጠት ሰራ፣ የራሱን መጨረሻ ሩቅ ወደፊት ወስዶ ሽማግሌው ቶር ላይ አደረገው፣ «ኪንግ ቶር» የሚባል አራት እትም፣ እዛ ሩቅ ዘመን ላይ ቀጣዩ ጸሃፊ መጥቶ በቀላሉ አይነካበትም። ቆንጆ ነው። ግን 2020 ሲገባ አዲስ ቶር ቁጥር 1 ወጣ፣ ሌላ ጸሃፊ ሌላ ታሪክ። ስለዚህ እነዚህን የምትዳኛቸው «በክብር ወጣ ወይ» ብለህ ነው። ኢንቪንሲብል ግን ከጃንዋሪ 2003 እስከ ፌብሯሪ 2018 አንድ ጸሃፊ ሮበርት ኪርክማን ነው የጻፈው፣ ካራክተሩም የትልልቆቹ አሳታሚዎች የማርቭል ወይ የዲሲ ንብረት አይደለም፣ ኢሜጅ በሚባል አሳታሚ የወጣ የራሱ የፈጣሪዎቹ ነው። ሰአሊውም ያው ነው ማለት ይቻላል፣ ኮሪ ዎከር ጀመረው፣ ከቁጥር 8 ጀምሮ ራያን ኦትሊ ገባና አብዛኛውን እሱ ሳለው። ስለዚህ እዚህ ማመካኛ የለም። ካምፓኒው አበላሸብኝ፣ ኤዲተሩ ቀየረብኝ የሚባል ነገር የለም። ጥሩም ከሆነ የነሱ ነው፣ መጥፎም ከሆነ የነሱ።

አሁን ወደ ነገሩ። ለኔ የኢንቪንሲብል ጥያቄ የተጠየቀው ቁጥር 12 ላይ ነው። እስከዛ ድረስ ማርክ ግሬይሰን በርገር ቤት የሚሰራ የሃይስኩል ልጅ ነው፣ ቆሻሻ ሊጥል ወጥቶ ፌስታሉን ሲወረውረው ሰማይ ላይ ይጠፋል፣ ፓወሩ መጣ፣ አባቱ ኦምኒማን የአለም ትልቁ ጀግና ነው፣ ሁሉም ሰላም። ከዛ አባትየው የአለምን ጠባቂዎች በሙሉ ይፈጃቸዋል፣ ምድርን ለቪልትረም ኢምፓየር ሊያመቻች የተላከ ሰው መሆኑ ይወጣል፣ ልጁን «ከኔ ጋር ሁን» ይለዋል፣ ልጁ እምቢ ሲል ሊገድለው እስኪደርስ ይደበድበዋል። ቪልትረማይት (የቪልትረም ሰው) ሺ አመት ይኖራል፣ ሰው ግን ዛሬ አለ ነገ የለም፣ እና አባትየው በደም የተነከረውን ልጁን እየጮኸ ይጠይቀዋል፣ ከ500 አመት በኋላ ምን ይቀርሃል? ልጁም አንተ ትቀረኛለህ አባዬ ይለዋል። በቃ አባትየው መጨረስ አቃተው፣ እያለቀሰ ወደ ሰማይ በረረ።

እኔ ይሄን ሳነብ ታብሌትም አይደለም በወረቀቱ ነበር፣ ገጹን ማገላበጥ አቅቶኝ ቆየሁ። ከዛ በኋላ ያለው 132 እትም በሙሉ የዚህ መልስ ነው ባይ ነኝ። ኮንክዌስት የሚባል ቪልትረማይት ይመጣል፣ ጦርነት ይመጣል፣ አጥንት ይሰበራል (ኦትሊ አጥንት መሳል እንዴት እንደሚወድ!)፣ ግን ከስር ያለው ነገር አንድ ነው፣ ወራሪ አባት ያለው ልጅ ውርሱን ምን ያደርገዋል? ይጥለዋል? ያቃጥለዋል? ወይስ ይወርሰዋል?

መልሱ ይወርሰዋል ነው። አባትየው ኖላን (ኦምኒማን) የቪልትረም ንጉሳዊ ዘር መሆኑ ይታወቃል፣ የቪልትረም መሪ ትራግ ከስልጣን ይወርዳል፣ ሄዶ ከነፍሳት መሰል ህዝብ ልጆች እየወለደ ሰራዊት ይሰራል፣ በመጨረሻው ጦርነት የማርክ ወንድም ኦሊቨር ይሞታል፣ ኖላንም በትራግ እጅ ይሞታል፣ ማርክና ትራግ ፀሀይ ውስጥ ገብተው ቆዳቸው እየተቃጠለ ይፋለማሉ፣ ትራግ ይሞታል። ከዛ ዙፋኑ ላይ ማርክ ይቀመጣል። በርገር ቤት ቆሻሻ ሲጥል የነበረው ልጅ የዛ የተረገመ ኢምፓየር ንጉስ ይሆናል፣ ኢምፓየሩንም ወራሪ መሆኑን ትቶ ረዳት እንዲሆን ያደርገዋል።

ይሄን ለጓደኛዬ ሐይቁ ዳር አሳ እየበላን በስሜት ሳስረዳ አጠገባችን የተቀመጡ አንድ ትልቅ ሰው ቆሮሷቸውን እየፈለፈሉ ሲሰሙን ቆይተው ኖሯል። «ልጄ ይሄ የምታወራው ታሪክ የማን ነው?» አሉኝ። የፈረንጅ ተረት ነው ጋሼ አልኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው «የሱስንዮስና የፋሲል መስሎኝ» አሉ።

እውነትም! ሱስንዮስ ካቶሊክ ሆኖ ሀገሩን በግድ ላስገባ ብሎ ስንት ደም ፈሰሰ፣ በመጨረሻ በፈረንጆቹ 1632 ዙፋኑን ለልጁ ለቀቀ፣ ፋሲል ደግሞ የአባቱን ስራ ገለበጠ፣ ኦርቶዶክስን መለሰ፣ ኢየሱሳውያኑን አባረረ፣ በ1636 ጎንደርን ቆረቆረ። ልጅ የአባቱን ወንበር ይዞ የአባቱን ስራ ያፈርሳል። የፋሲል አፅም እዚሁ ጣና ላይ ደጋ እስጢፋኖስ ውስጥ እንዳለ ነው ለጎብኚ የሚነገረው (ሴት ስለማይገባ እህቴ ሁሌ እንደተናደደች ነው)። ስለዚህ የኪርክማን ሀሳብ ለኛ አዲስ አይደለም፣ እንደውም በጣም የምናውቀው ነው፣ ለዚህ ይሆናል አሜሪካ ያሉ አንባቢዎች «እንዴት ጀግና ንጉስ ይሆናል» ሲሉ እኔን ብዙም ያልከበደኝ።

ሰውየው ግን አልጨረሱም ነበር። እጃቸውን እየታጠቡ «ፋሲልም እኮ ደግ ቢባል ዘመዶቹን ወህኒ አምባ ያሳሰረ ነው፣ ያንተኛው ማንን አሰረ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ኮሚኩም የለውም። ጓደኛዬ እንዴት እንደሳቀ!

እና እዚህ ጋር ነው ከጓደኛዬ ጋር ግማሽ መንገድ የምገናኘው። ቁጥር 144 አመታትን እየዘለለ ይሄዳል፣ ማርክ ነገሰ፣ ኢምፓየሩ ተቀየረ፣ ልጆች አደጉ፣ ሁሉም ሰላም ሆነ። እንዴት? የሺ አመት ወራሪ ህዝብ አንድ ልጅ ስለነገሰበት ብቻ ይቀየራል? ማን እምቢ አለ? እምቢ ያለውን ማርክ ምን አደረገው? ይሄ እኮ ነው ዋናው ታሪክ፣ ድብድቡን ለአስራ ምናምን አመት አይተነዋል፣ ማስተዳደሩን ግን አላየነውም። ሮቦት የሚባለውን ካራክተርም ተመልከቱ፣ የማርክ ጓደኛ ከነበረ በኋላ አለምን የያዘ፣ ብዙ ሰው የገደለ፣ ግን ከያዘ በኋላ ምድርን ከበፊቱ የተሻለች ያደረገ፣ ከትራግ ይልቅ እሱ ነው የሚያስጨንቀኝ ምክንያቱም ማርክ ንጉስ ሲሆን ከሮቦት በምን እንደሚለይ መመለስ አለበት። የሱ ጉዳይ መጨረሻው ላይ በጥድፊያ ነው የተዘጋው። ማርኪ ደግሞ አለ፣ ቪልትረማይቷ አኒሳ ማርክን አስገድዳ የወለደችው ልጅ፣ እሱና አባቱ መተዋወቃቸው ብቻውን አንድ አመት ሙሉ ሊጻፍበት የሚችል ነገር ነው፣ ያገኘው ግን ጥቂት ገጽ ነው። ይሄ ያናድዳል፣ አልዋሽም።

ቦታ አልነበረውም እንዳይባል ደግሞ የመጨረሻው ታሪክ 12 እትም ነው፣ ከ133 እስከ 144፣ ሊያልቅ እንደሆነም ቀድሞ ተነግሯል። ያው ኪርክማን ራሱ ዎኪንግ ዴድ የሚባለውን ሌላውን ኮሚኩን በ2019 ቁጥር 193 ላይ ለማንም ሳይናገር ነው የዘጋው፣ ሰው እንዳይጠረጥር የሚቀጥሉት እትሞች ሽፋን ሳይቀር አሰርቶ አስተዋውቆ ነበር። እዛ በድንገት አቁሞ ረጋ ያለ መጨረሻ ሰጠ፣ እዚህ አስታውቆ ተጣደፈ፣ ሰውየው አይገባኝም። ከ12ቱ ላይ ሁለት ሶስቱን የትራግ ልጆች ከሚጨፈጨፉበት ቀንሶ ለንግስናው ቢሰጠው ማንም አያኮርፍም ነበር። ጦርነት ላይ ሲደርስ እጁ አይያዝም፣ ባትል ቢስት የሚባለው አውሬ መሳይ ተዋጊና ትራግ የተፋለሙት ራሱ ስንት ገጽ እንደበላ! (እሱን ግን አልነካም፣ ምርጥ ነው፣ ይኸው በ2025 ለባትል ቢስት የራሱን ኮሚክ ጀመሩለት።)

እህቴ ደግሞ ሌላ ክስ አላት። የማርክ ፍቅረኛና የልጁ እናት ኢቭ የፈለገችውን ቁስ ወደ ፈለገችው የምትለውጥ ሴት ሆና፣ ከሁሉም በላይ ጠንካራዋ እሷ መሆን ሲገባት፣ በመጨረሻዎቹ አመታት ብዙ ጊዜ ልጅ ይዛ ስትጠብቀው ነው የምናያት ትላለች። እውነቷን ነው፣ የምከራከርበት የለኝም።

ታዲያ ለምን ጥሩ አለቀ እላለሁ? በ«ሪቡት?» ምክንያት። ከ124 እስከ 126 ያለችው ሶስት እትም። እዛ ላይ ማርክ ትዝታው እንዳለ ወደ መጀመሪያው፣ ፓወሩ ወደመጣበት ጊዜ ይመለሳል። አባቱ ያደረገውን ማስቆም ይችላል፣ የሞቱትን ማትረፍ ይችላል፣ ሁሉንም ነገር ከስሩ ማስተካከል ይችላል። ግን እዛ ከቀረ ልጁ ቴራ አትወለድም። እና ይመለሳል። ያን ሁሉ ሬሳ እያወቀ ይመለሳል። ሲመለስ ደግሞ አምስት አመት አልፏል፣ ልጁ ያለ አባት አድጋ አታውቀውም። ይሄ ነው እንግዲህ የቁጥር 12 መልስ፣ አባትየው አለምን ለኢምፓየር ሊሰጥ መጥቶ ለልጁ ሲል ጥሎ ሄደ፣ ልጅየው ደግሞ አለምን ማዳን እየቻለ ለልጁ ሲል ጥሎ መጣ። ደግ ነው ወይስ ራስ ወዳድ? ኪርክማን አይነግርህም፣ ዋጋውን ብቻ ያስከፍለዋል። ከዚህ በኋላ ዙፋኑ ቢመጣም ባይመጣም ማርክ ማን እንደሆነ አውቀናል፣ የ144 ጥድፊያም ለኔ ቤቱ ከተሰራ በኋላ ቀለሙን ቸኩለው እንደቀቡት ነው፣ ያስጠላል ግን ቤቱ አይፈርስም።

ጓደኛዬ ይሄን ሁሉ ሰምቶ «ስለዚህ መጨረሻው መጨረሻው ላይ አይደለም ያለው እያልከኝ ነው፣ ይሄ ማምለጫ ነው» አለኝ። ይሁና። እሱ መጨረሻ ሲል የመጨረሻዋን እትም ነው የሚያየው፣ በዛ ሚዛን ከሆነ ከአስር ስድስት እሰጣታለሁ፣ ከዚያ በላይ አልሄድም። ተከታታዩ በሙሉ የጠየቀውን መለሰ ወይ ከተባልኩ ግን ዘጠኝ፣ አንዷን የቀነስኩት ለእኚያ ሰውዬ ጥያቄ ነው።

እንደገና ልታነቡት ካሰባችሁ ሁሉንም አትጀምሩ ብዙ ነው። 12ን አንብቡ፣ ቀጥታ ወደ 124 ዝለሉና ሶስቷን ጨርሱ፣ 127ን ጨምሩ ቴራ አባቷን የምታይበትን፣ ከዛ 144ን ክፈቱ። ከዚያ በኋላም ተጣደፈ የምትሉ ከሆነ ኑ እንከራከር፣ አሳውን እናንተ ትጋብዛላችሁ።