ለፋሲካ የሚደርሰው ቼሪ

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ! ሽንኩርቱ እየተቁላላ ነው። እኔ ከወጥ ቤት ተባርሬ ጥግ ይዣለሁና ስለ አበባ ልጻፍላችሁ።

የዋሽንግተን ዲሲ ሰዎች ታውቁታላችሁ። የጃፓን ቼሪ የሚፈነዳው ማርች መጨረሻና ኤፕሪል መጀመሪያ ላይ ነው። ለእኛ አብዛኛውን ጊዜ ሁዳዴ ነው። እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ መጥታ ታይዳል ቤዚን ወደሚባለው የከተማው ትልቅ ኩሬ የወሰድኳትም በጾም ነበር። ነጭ አበባው በውሃው ዙሪያ ሁሉ ነው። ቆማ አየችና «ፈንዲሻ የተበተነበት ይመስላል!» አለች። ቀጥላ «ፍሬውስ መቼ ይደርሳል?»

«የሚተከለው ለአበባው ነው እማዬ፣ ፍሬው አይበላም።»

«ታዲያ ይሄ ሁሉ ሕዝብ ምን ሊያደርግ መጣ?»

መልስ አልነበረኝም። የዛፎቹን አመጣጥ ነገርኳት፤ ከአበባው ይልቅ እሱን ወደደችው። ኤሊዛ ሲድሞር የምትባል ጸሐፊ በ1885 (በፈረንጆቹ) ከጃፓን ተመልሳ «ይህን ዛፍ እዚህ እንትከል» ብላ መወትወት ጀመረች። ለ24 ዓመት ሰሚ አላገኘችም። በ1909 ለፕሬዚዳንቱ ባለቤት ለሄለን ታፍት ጻፈች፤ ነገሩ ያኔ ተንቀሳቀሰ። ከቶኪዮ 2,000 ዛፎች ተላኩ። ጃንዋሪ 1910 ዋሽንግተን ደርሰው ሲመረመሩ ተባይና በሽታ ተገኘባቸው። ተሰብስበው ተቃጠሉ።

እስቲ አስቡት፤ የላክኸው ስጦታ ተቃጠለ ስትባል! የቶኪዮው ከንቲባ ዩኪዮ ኦዛኪ ግን አልተቀየሙም። እንደገና 3,020 ዛፎች ላኩ። ማርች 27 ቀን 1912 ሄለን ታፍትና የጃፓን አምባሳደር ባለቤት የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ተከሉ። ሁለቱም ዛሬ ድረስ አሉ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ ዛፎቹ የተገኙበት የቶኪዮው አራካዋ ወንዝ ዳር ተጎድቶ ነበር። በ1952 ከዋሽንግተን ቅርንጫፍ ተቆርጦ ተላከለት።

«ልጅ እናቱን ጦረ በለኛ!» አለች እናቴ።

አሁን ወደ ቦታው። ታይዳል ቤዚን መሄድ የፈለገ ጎህ ሲቀድ ይሂድ፤ ከረፈደ ሕዝቡ እንደ ጥምቀት ነው። መኪና ይዞ መሄድማ አይታሰብም። በሜትሮ ባቡር ስሚዝሶኒያን ጣቢያ ወርዶ በእግር ይሻላል። ግርግር የማይወድ ከዲሲ አጠገብ፣ ሜሪላንድ ቤተዝዳ፣ ኬንውድ የሚባለውን ሰፈር ይሞክር። ከ1,000 በላይ የቼሪ ዛፎች አሉት፤ መንገዱ ከላይ በአበባ ጣሪያ ይሸፈናል። የሰው መኖሪያ ስለሆነ ብቻ ድምፅ ቀነስ፣ ፓርኪንግም ላይ ጠንቀቅ ማለት ነው።

እኔን ግን ለዚህ በዓል የሚያጓጓኝ ሌላ ነው። ያ ፈንዲሻው፣ ዮሺኖ የሚባለው፣ ንፋስና ዝናብ ከመጣበት በጥቂት ቀን ይረግፋል። ፋሲካ ስንል የእሱ ነገር አብቅቷል። ካንዛን የሚባል ግን ሌላ ዓይነት አለ። ሁለት ሳምንት ያህል ዘግይቶ ያብባል። ደማቅ ሮዝ ነው፤ የአበባው ቅጠል እንደ ጽጌረዳ የተደራረበ። ፋሲካ ኤፕሪል አጋማሽ አካባቢ ሲውል እሱ ይደርስልናል። ያን ጊዜ ቱሪስቱ ሄዷል፣ ካሜራው ሄዷል። ዛፉ ለፈሳኪው ብቻ የቆየ ነው የሚመስለኝ።

በብዛት ያለው ኢስት ፖቶማክ ፓርክ ውስጥ ነው፤ ወደ ፓርኩ ጫፍ፣ ወደ ሄይንስ ፖይንት በሚወስደው መንገድ። ናሽናል አርቦሬተም በሚባለው የዛፎች መናፈሻም ብዙ ዓይነት ቼሪ አለ፤ መግቢያው ነጻ ነው።

እኛ ዶሮውን በልተን፣ ትንሽ አሸልበን፣ ከሰዓት በኋላ ሄይንስ ፖይንት እንወርዳለን። ድፎውንም ቴርሞሱንም እንይዛለን። በዚያ ካለፋችሁ ጎራ በሉ፣ ቡና አለ። ጋቢ አትርሱ፤ የወንዙ ንፋስ አይጣል ነው።

መልካም ፋሲካ!