የጢስ ዓባዩ ፎቶና ማስኩ
የዛሬው ሥራ ከጢስ ዓባይ ፎቶ ላይ የመብራት ሽቦ ማጥፋት ነበር፤ በስቴብል ዲፊውዥን (ሥዕል በሚሠራው የኤአይ ሞዴል)። በማስኩ (የሚቀየረውን ቦታ ለመለየት ፎቶው ላይ በምንቀባው ሽፋን) ላይ ነጩ ይቀየራል፣ ጥቁሩ እንዳለ ይቆያል። ልክ በሽቦው ውፍረት ከቀባችሁት ጠርዙ ላይ ርዝራዥ ይቀራል፤ ሞዴሉም እሱን አይቶ ሽቦውን መልሶ ይሥለዋል። ከ10 እስከ 20 ፒክስል አስፍታችሁ ቀቡ፣ ብለሩ (የማስኩን ጠርዝ ማለስለሻው) 4 ይበቃዋል። ዲኖይዚንጉ (የተቀባው ቦታ ምን ያህል እንደሚቀየር የሚወስነው ቁጥር) 0.3 ከሆነ ሽቦው ንቅንቅ አይልም፤ 0.75ና ከዚያ በላይ ይፈልጋል።

ፕሮምፕቱ (ለሞዴሉ የምንጽፈው መግለጫ) ላይ «ሽቦ የሌለው» ማለት ሽቦውን መጥራት ነው (ስንቱ ይሳሳታል!)። መታየት ያለበትን ጻፉ፦ ጉሙን፣ ገደሉን።

ማስኩን ብቻ አጉልቶ የሚሠራውን ምርጫ ከተጠቀማችሁ ፓዲንጉን (ሞዴሉ በማስኩ ዙሪያ የሚያየውን ህዳግ) ከ32 ፒክስል ከፍ አድርጉት። አለዚያ ዙሪያውን ስለማያይ ፏፏቴው መሃል ሌላ ትንሽ ፏፏቴ ይተክልላችኋል።