ኤጀንሲው «ደንበኛው ገና አልከፈለንም» ሲላችሁ

እንግሊዝ አገር በራሱ ሊሚትድ ካምፓኒ (ኃላፊነቱ የተወሰነ ኩባንያ)፣ በሥራ አገናኝ ኤጀንሲ በኩል ለደንበኛ ድርጅት የሚሠራ ኮንትራክተር ከኤጀንሲው ጋር የሚጣላባቸው ጉዳዮች የታወቁ ናቸው፦ የዘገየ ክፍያ፣ ያልጸደቀ ታይምሺት (የሥራ ሰዓት መዝገብ)፣ መሃል ላይ የተቆረጠ ዴይ ሬት (የቀን ክፍያ)፣ ኖቲስ (ውል ከመቋረጡ በፊት የሚሰጥ የማስጠንቀቂያ ጊዜ)፣ ደግሞም ለዚያው ደንበኛ በቀጥታ መሥራት። ስልክ አንስቶ ከመጨቃጨቅ በፊት ግን መታየት ያለበት አንድ ወረቀት አለ። ኦፕት አውት (ከደንብ ጥበቃ ለመውጣት የሚፈረም ስምምነት) ፈርማችኋል? ከፈረማችሁስ በየትኛው ቀን?

እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የሥራ አገናኝ ኤጀንሲዎች አሠራር ደንብ በሊሚትድ ካምፓኒ የሚሠራውንም ሰው ይጠብቃል። ኤጀንሲዎቹ ይህን ጥበቃ አይወዱትም፤ ስለዚህ ሥራ ስትጀምሩ በሚልኩላችሁ የፊርማ ጥቅል ውስጥ፣ በባንክ ቁጥር ቅጹና በፓስፖርት ኮፒው መሃል፣ «ደንቡ እንዳይመለከተን ተስማምተናል» የሚል አንድ ገጽ ይሰገሰጋል። ብዙ ሰው ሳያነበው ይፈርማል። እኛ ዘንድ ደግሞ ይሉኝታው አለ፤ «ሥራ የሰጡኝን ሰዎች እንዴት እምቢ እላለሁ» እየተባለ ይፈረማል። ኤጀንሲው ግን ይህን ፊርማ ሥራ ለማፈላለግ ቅድመ ሁኔታ እንዲያደርገው ደንቡ አይፈቅድለትም። «ካልፈረምክ ለደንበኛው አላቀርብህም» የሚል ኢሜይል ከመጣ፣ ያ ኢሜይል ራሱ ማስረጃ ነውና አስቀምጡት።

ፊርማው እንዲጸና ካምፓኒያችሁ ብቻ ሳይሆን ሥራውን የሚሠራው ሰውም መስማማት አለበት፤ ስምምነቱም ለደንበኛው ከመቅረባችሁ ወይም ከመላካችሁ በፊት ለኤጀንሲው መድረስ አለበት። ለዚህ ነው ቀኑ የሚያስፈልገው። ከደንበኛው ጋር ኢንተርቪው ያደረጋችሁት 3ኛው ቀን ላይ ሆኖ ኦፕት አውቱ የተፈረመው 12ኛው ቀን ላይ ከሆነ፣ «ዘግይቶ የመጣ ነው፣ አይጸናም» የሚል ጠንካራ መከራከሪያ በእጃችሁ አለ። የኢንተርቪው ግብዣውን የካሌንደር ኢሜይል አትሰርዙ።

የኤጀንሲው ጠበቃ የሚመዛት ሌላ ካርድም አለች። መሠረቱ የሆነው የ1973ቱ ሕግ የሚናገረው በደንበኛው «ቁጥጥር ሥር» ስለሚሠሩ ሰዎች ነው። ለአይአር 35 (በራሱ ካምፓኒ የሚሠራ ሰው በተግባር ተቀጣሪ ከሆነ እንደ ተቀጣሪ ታክስ የሚያስከፍል ሕግ) ብላችሁ «ማንም አይቆጣጠረኝም» ስትሉ ከርማችሁ፣ ክፍያ ሲቀር «በቁጥጥር ሥር ነበርኩ» ካላችሁ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ያስቀምጡላችኋል። ስለዚህ ክሳችሁን በደንቡ ላይ ብቻ አታንጠልጥሉት። ውሉንና የዘገየ ክፍያ ሕጉንም አብራችሁ ጥቀሱ።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ደንቡ የሚመለከታችሁ ከሆነ አንቀጽ 12 ግልጽ ነው። ኤጀንሲው ደንበኛው ስላልከፈለው ክፍያችሁን መያዝ አይችልም። ደንበኛው የፈረመበት ታይምሺት ስላላቀረባችሁም መያዝ አይችልም፤ መሥራታችሁን በሌላ መንገድ ማጣራት የሱ ፋንታ ነው። እናንተ ደግሞ ማጣራቱን አቅልሉለት፦ የቲኬት ሲስተሙን መዝገብ፣ የስብሰባ ግብዣዎችን፣ የመግቢያ ካርድ መዝገብ ካለም እሱን፣ ቀን በቀን በአንድ ሰንጠረዥ አድርጋችሁ ላኩ። «ማናጀሩ ለዕረፍት ሄዷል፣ ማን ይፈርም» ለሚል ሰው ከሰንጠረዥ የተሻለ መልስ የለም።

ኦፕት አውቱ ጸንቶ ቢገኝ እንኳ የ1998ቱ የዘገየ ንግድ ክፍያ ሕግ አብሯችሁ ነው። ውሉ የክፍያ ቀን ካልወሰነ 30 ቀን ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ ወለዱ 8 በመቶ ሲደመር የእንግሊዝ ባንክ መነሻ ወለድ ነው። መነሻው በየስድስት ወሩ የሚያዝ ሲሆን፣ የሚወሰደውም ጁን 30 ወይም ዲሴምበር 31 ላይ የነበረው ነው። በዚያ ላይ በእያንዳንዱ ኢንቮይስ (የክፍያ መጠየቂያ) የተቆረጠ ካሳ አለ፦ ከ1,000 ፓውንድ በታች ለሆነ 40፣ ከ1,000 እስከ 9,999.99 ለሆነ 70፣ ከ10,000 ጀምሮ 100 ፓውንድ። መነሻው 4 በመቶ ቢሆን፣ የ6,000 ፓውንድ ኢንቮይስ በዓመት 720፣ በቀን 1.97 ፓውንድ ይወልዳል፤ 45 ቀን ከዘገየ 88.77 ሲደመር 70 ነው። አራት ሳምንታዊ ኢንቮይሶች ከሆኑ ካሳው አራት ጊዜ ይቆጠራል፤ ይህንን የሚረሳው ብዙ ነው። ውሉ የራሱን የዘገየ ክፍያ ወለድ ከደነገገ ግን መጀመሪያ እሱን አንብቡ።

ዴይ ሬት መቁረጥ ብዙውን ጊዜ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በምትመጣ አጭር ኢሜይል ይጀምራል፦ ደንበኛው በጀት ስለቀነሰ ከሰኞ ጀምሮ 10 በመቶ ይቀነሳል። አንድ ወገን ብቻውን ውል መለወጥ አይችልም። ችግሩ ሰኞ ዝም ብላችሁ ከገባችሁ፣ ከዚያም በአዲሱ ዋጋ ኢንቮይስ ከላካችሁ፣ በድርጊት ተስማምታችኋል መባሉ ነው። የዚያኑ ዕለት ሁለት መስመር ይበቃል፦ «በውሉ ላይ በተጻፈው ዋጋ መሠረት መሥራቴን እቀጥላለሁ። ቅናሹን አልተቀበልኩም፤ ሥራ ላይ መቆየቴም እንደ ስምምነት እንዳይቆጠር አሳውቃለሁ።» ኢንቮይሱንም በድሮው ዋጋ ላኩ። ኤጀንሲው ራሱ ኢንቮይስ የሚያዘጋጅላችሁ ከሆነ፣ የተሳሳተውን ኢንቮይስ ባያችሁበት ቀን በጽሑፍ ተቃወሙ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል።

ኖቲስ ከሁሉም የሚያስቆጨው ነው። ውሉ ፊት ገጽ ላይ «አራት ሳምንት» ተብሎ ተጽፎ፣ ወደ ውስጥ ሲገባ እንዲህ የሚል ይገኛል፦ «ኤጀንሲው ሥራ የመስጠት ግዴታ የለበትም፤ ክፍያ የሚፈጸመው ደንበኛው ባጸደቀው ታይምሺት ላይ ለሰፈረ ጊዜ ብቻ ነው።» ደንበኛው ሰኞ ጠዋት ላፕቶፑን ሲቀበላችሁ አራቱ ሳምንት በወረቀት ይቀጥላሉ፣ የሚጸድቅ ታይምሺት ግን የለም። በቀን 400 ፓውንድ ለሚሠራ ሰው 20 ቀን 8,000 ፓውንድ ነው፤ በዚህች ዓረፍተ ነገር ምክንያት ዜሮ ሊሆን ይችላል። በዚህ ላይ ከፈረሙ በኋላ መከራከር ከባድ ነውና ቦታው ከፊርማው በፊት ነው። «በኖቲስ ጊዜ ሥራ ባይሰጥም በዴይ ሬቱ ይከፈላል» የሚል መስመር መጠየቅ ይቻላል፤ ነገር ግን የታክስ አማካሪያችሁ ፊቱን ያጠቁራል፣ ምክንያቱም እንዲህ ያለው ግዴታ የቅጥር መልክ አለውና ለአይአር 35 አይመችም። እኔ የምመርጠው ሌላኛውን መንገድ ነው፦ እነሱ በተግባር በአንድ ቀን ሊያሰናብቷችሁ ከቻሉ፣ የእናንተም ኖቲስ ከአንድ ሳምንት አይብለጥ። ይህንን ኤጀንሲዎች ከገንዘቡ ይልቅ ቶሎ ይቀበላሉ።

ኖቲሱን ሳትጨርሱ እናንተ ከወጣችሁስ? ኤጀንሲው የመጨረሻውን ወር ኢንቮይስ ይይዝና «ኪሳራ አድርሰህብናል» ይላል። ሁለት መልስ አለ። ደንቡ የሚመለከታችሁ ከሆነ፣ በሌላ ጊዜ አልሠራችሁም ብሎ የሠራችሁበትን ክፍያ መያዝ በዚያው በአንቀጽ 12 የተከለከለ ነው። የማይመለከታችሁ ቢሆንም፣ የኤጀንሲው እውነተኛ ኪሳራ ማርጂኑ (ከደንበኛው ተቀብሎ ለእናንተ ከከፈለ በኋላ የሚቀረው) እንጂ ዴይ ሬቱ አይደለም። ማርጂኑ በቀን 60 ፓውንድ ቢሆን የ20 ቀን ኪሳራው 1,200 ነው፤ በዚያ ሂሳብ 8,000 መያዝ የሚያስኬድ አይደለም። ሂሳቡን በጽሑፍ ጠይቁ፤ ማርጂናቸውን መግለጥ ስለማይወዱ ብዙዎቹ እዚህ ላይ ይለዝባሉ።

ለደንበኛው በቀጥታ ስለመሥራት፦ ደንቡ ውስጥ ላለ ሰው፣ ሌላ ጋ ሥራ ያዝክ ብሎ ኤጀንሲው ሊቀጣው አይችልም። ክፍያ የሚጠይቀው ከደንበኛው ነው፤ እሱም የጊዜ ገደብ አለው፦ ሥራ ከጀመራችሁ 14 ሳምንት ወይም ካቆማችሁ 8 ሳምንት፣ የዘገየው ይያዛል። ጃንዋሪ 6 ቀን 2025 ጀምሮ ሜይ 30 ላይ ያቆመ ሰው 14 ሳምንቱ ኤፕሪል ላይ አልቋል፤ 8 ሳምንቱ ጁላይ 25 ላይ ያበቃል። ከዚያ በኋላ ደንበኛው ምንም አይከፍልም፤ ይህን ለደንበኛው የሰው ኃይል ክፍል ማሳየት ብቻ ብዙ ክር ይፈታል። ኦፕት አውቱ ከጸና ግን ውሉ ላይ ያለው እገዳ ምክንያታዊነቱ ነው የሚታየው። በትክክል በሠራችሁበት ክፍል ላይ የተወሰነ የሦስት ወይም የስድስት ወር እገዳ ሊጸና ይችላል፤ ደንበኛውን ከነእህት ኩባንያዎቹ ለ12 ወር የሚዘጋ ግን መከላከል ይከብደዋል።

አካሄዱ ይህ ነው። ለቀጠራችሁ ልጅ ብቻ አትጻፉ፤ እሱ የሚያስበው ስለ ኮሚሽኑ ነው፣ ገንዘቡ ያለው ሂሳብ ክፍል ነው። በትህትና አንድ ማስታወሻ፣ ከሳምንት በኋላ የቅድመ ክስ ደብዳቤ። ደብዳቤው ላይ የኤጀንሲው ሕጋዊ ስምና ቁጥር ከካምፓኒስ ሃውስ (የኩባንያዎች መዝገብ ቤት) ተወስዶ ይግባ፤ የንግድ ስሙና የተመዘገበው ስም ብዙ ጊዜ ይለያያሉ። የኢንቮይስ ቁጥር፣ ቀን፣ መጠን፣ የተጣሰው አንቀጽ፣ የወለዱ ስሌት፣ የ14 ቀን ገደብ። በኢሜይልም በተመዘገበው አድራሻ በፖስታም ላኩት፤ የፖስታ ቤቱን ደረሰኝ ያዙ። መሃል ላይ አምብሬላ ካምፓኒ (ከኤጀንሲው ተቀብሎ ለእናንተ የሚከፍል ካምፓኒ) ካለ ባለዕዳችሁ አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነውና ደብዳቤው ወደ እሱ ይሂድ።

14 ቀኑ ካለፈ ክሱ በኢንተርኔት ይከፈታል። እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ እስከ 10,000 ፓውንድ ድረስ ስሞል ክሌምስ (የአነስተኛ ክሶች ሥርዓት) ነው፤ ከ3,000 በላይ እስከ 5,000 ላለው ክፍያው 205፣ ከዚያ በላይ እስከ 10,000 ላለው 455 ፓውንድ ነው፣ ከረታችሁ ባላጋራው ይመልሰዋል። የጠበቃ ወጪ ግን ብትረቱም አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም። ብዙ ክስ የሚሰናከለው ከሳሹ ላይ ነው፦ ውሉን የፈረመው ካምፓኒያችሁ ከሆነ ከሳሹም ካምፓኒያችሁ ነው፣ እናንተ በስማችሁ አይደላችሁም። ተከሳሹ 14 ቀን አለው፣ መጥሪያ መቀበሉን ካሳወቀ 28 ይሆናል። ከሜይ 2024 ወዲህ የአንድ ሰዓት የስልክ ሽምግልና ግዴታ ሆኗል፣ በነፃ። ስልኩ ከመደወሉ በፊት የምትወርዱበትን የመጨረሻ ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉ፤ ሸምጋዩ ማን ትክክል እንደሆነ አይፈርድም፣ የሚያመላልሰው ቁጥር ነው።

«ካምፓኒውን አዘጋዋለሁ» ማለት ያጓጓል። ዕዳው ከ750 ፓውንድ በላይ ከሆነ መንገዱ አለ፤ ግን ኤጀንሲው ዕዳውን በቅን ልቦና ከተከራከረ ፍርድ ቤቱ ማመልከቻውን ይጥለውና ወጪው እናንተው ላይ ይዞራል። የተካደ ዕዳ ላይ አትሞክሩት።

ይልቅ ኤጀንሲው ራሱ እየፈረሰ እንደሆነ ተከታተሉ። በካምፓኒስ ሃውስ ገጽ ላይ «ፎሎው» ብትሉ እያንዳንዱ ለውጥ በነፃ በኢሜይል ይደርሳችኋል። ከመዝገብ ለመሰረዝ ማስታወቂያ ከወጣ ሁለት ወር ያህል ጊዜ አላችሁ፤ ያልተከፈለውን ኢንቮይስ አያይዛችሁ ተቃውሞ በኢንተርኔት ብታስገቡ መሰረዙ ሊቆም ይችላል። ቫት ተመዝጋቢ ሆናችሁ ቫቱን ቀድማችሁ ከከፈላችሁ ደግሞ፣ የመክፈያው ቀን ካለፈ ከስድስት ወር በኋላ በመጥፎ ዕዳ እፎይታ ቢያንስ እሷን ማስመለስ ትችላላችሁ።