መብራት ሲጠፋ የሚሰማው ሬዲዮ

ባሕር ዳር ላይ በኤስዲአር (ላፕቶፕ ላይ ተሰክቶ በሶፍትዌር በሚሠራ መቀበያ) አማተር ሬዲዮ የሚያዳምጥ ሰው «ሲግናሉ ደካማ ነው» ሲል፣ አብዛኛውን ጊዜ ሲግናሉ ቤቱ ደርሷል። የማይሰማው የቻርጀሩ፣ የኤልኢዲ አምፖሉና የዲሽ ሪሲቨሩ ጫጫታ ስለሚውጠው ነው። አምፕሊፋየር ቢጨመር ጫጫታውም አብሮ ያድጋል። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣት በፊት ጫጫታው ከየት እንደሚመጣ መለየት ይቀድማል፤ ለዚህ ደግሞ የመብራት መጥፋትን የሚያክል መለኪያ የለም።

ላፕቶፑን ከቻርጀር ነቅላችሁ በባትሪ አስኪዱት። 7.074 ሜጋኸርዝ ላይ ሆናችሁ አውቶማቲክ ጌይኑን (ማጉያውን በራሱ የሚያስተካክለውን) አጥፉና በስክሪኑ ግርጌ የሚርመሰመሰው የኖይዝ መስመር ስንት ዲሲቤል ላይ እንደሆነ ጻፉ። ቀጥሎ የቤቱን ብሬከር አውርዳችሁ እንደገና አንብቡ። ሰፈሩ በሙሉ መብራት ሲጠፋበት ሦስተኛውን ንባብ ውሰዱ፤ ጎረቤት ጄኔሬተር ሳያስነሳ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ቢሆን ጥሩ ነው። የ7 ሜጋኸርዝ ጫጫታ ቀንና ማታ ስለሚለያይ ንባቦቹን ተቀራራቢ ሰዓት ላይ አድርጉ።

ብሬከሩ ሲወርድ መስመሩ በ10 ዲሲቤል ከወረደ፣ ከጫጫታው 10 እጅ 9ኙ የመጣው ከራሳችሁ ቤት ነው። ብሬከሩን መልሳችሁ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ሰኩ፤ መስመሩን ከፍ የሚያደርገው ዕቃ ራሱን ያጋልጣል። ብሬከሩ ሲወርድ ምንም ካልተለወጠና የሰፈሩ መብራት ሲጠፋ ብቻ ከወረደ ግን ምንጩ ጎረቤት ወይም የኤሌክትሪክ መስመሩ ነው፤ መፍትሔው አንቴናውን ማራቅ ነው። መልኩም ይናገራል፦ በየጥቂት አስር ኪሎኸርዙ እየተደጋገመ ወዲያ ወዲህ የሚንሸራተት ጉብታ የቻርጀር ወይም የአዳፕተር ሲሆን፣ በሰከንድ 100 ጊዜ የሚንጫጫ ድምፅ የ50 ኸርዙ መስመር ነው። የሶላር ቻርጅ መቆጣጠሪያ ባለበት ቤት መብራት ቢጠፋም ጫጫታው ላይቆም ይችላል፤ እሱን ለብቻው ነቅላችሁ ፈትሹ።

ላፕቶፑ ራሱ ሌላው ምንጭ ነው። ዶንግሉን (የኤስዲአሩን ትንሽ የዩኤስቢ መቀበያ) በቀጥታ ከመሰካት ይልቅ ከ2 እስከ 3 ሜትር በሚረዝም የዩኤስቢ ማራዘሚያ አርቁት። የአንቴናውን ገመድ በ31 ቁጥር ፌራይት (ጫጫታን የሚያፍን መግነጢሳዊ ቁስ) ቀለበት ውስጥ ከ8 እስከ 10 ዙር አሳልፉት፤ በገመዱ ውጭ አካል ላይ እየሄደ የሚገባውን የቤት ጫጫታ ይቆርጠዋል።

ሁለተኛው ፈተና አንቴናውን መንቀል ነው። ሲነቀል መስመሩ ምንም ካልወረደ ዶንግሉ ውጭውን እየሰማ አይደለም፦ ገመዱ ተበጥሷል፣ ኮኔክተሩ ላልቷል፣ ወይም ሴቲንጉ ተሳስቷል። 10 ዲሲቤል ያህል ከወረደ በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ ጌይን መጨመር ጥቅም የለውም። የእነዚህ ዶንግሎች መለወጫ (ሞገዱን ወደ ቁጥር የሚቀይረው ክፍል) 8 ቢት ብቻ ስለሆነ በጠንካራና በደካማ ሲግናል መካከል ያለው ቦታ 48 ዲሲቤል ገደማ ነው፤ ጌይን ሲበዛ ቦታው ይጠባል።

ሴቲንግ ላይ የሚያሳስተው በዋናነት አጭር ሞገድ ነው። አርቲኤል ቪ3 የሚባለው ዶንግል ቱነር (ፍሪኩዌንሲ የሚመርጠው ክፍል) ከ24 ሜጋኸርዝ በታች ስለማይወርድ፣ ቱነሩን ዘሎ ሲግናሉን በቀጥታ ወደ መለወጫው የሚያስገባውን ዳይሬክት ሳምፕሊንግ በኪው (Q) መግቢያ በኩል ማብራት ግድ ነው፤ በዚህ ጊዜ የጌይን ቁልፉ ምንም አይሠራም። ከዚህ ጋር የሚመጣ መስታወትም (ጣቢያን በሌላ ቦታ የሚያሳይ የውሸት ምስል) አለ፦ ናሙናው በ28.8 ሜጋኸርዝ ስለሚወሰድ 14.7 ላይ ያለ ጣቢያ 14.1 ላይ ይታያል። አዲሱ ቪ4 አጭር ሞገድን ወደ ቱነሩ ክልል የሚያነሳ የራሱ ማሸጋገሪያ አለው፤ ግን የራሱን አዲስ ድራይቨር ይፈልጋል፤ በአሮጌው በትክክል አይሠራም።

አንቴናውን በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ማስቀመጥ ትልቁ ስህተት ነው፤ ቆርቆሮው ሞገዱን ይጋርዳል። ለ7 ሜጋኸርዝ ለቤት መስመር ዝርጋታ ከሚሸጥ ሽቦ እያንዳንዱ 10 ሜትር ከ10 ሳንቲም የሆነ ሁለት ክንድ ቆርጣችሁ መሐሉን 8 ሜትር በሚሆን የባሕር ዛፍ አጠና ላይ ስቀሉት፤ ጫፎቹን በናይለን ገመድ ወደ ታች ወጥሩ። ለ14.1 እያንዳንዱ ክንድ 5 ሜትር ከ5 ሳንቲም ነው። ለ145 ሜጋኸርዝ ግን ያው ቆርቆሮ ወዳጅ ይሆናል፦ 49 ሳንቲም ሽቦ ከጣሪያው በላይ ቀጥ ብሎ ሲቆምና የገመዱ ሽሩባ (የውጭው የሽቦ መረብ) ከቆርቆሮው ጋር በደንብ ሲገናኝ ጥሩ አንቴና ይወጣዋል።

ለገመድ የዲሽ ኬብል ይበቃል። 75 ኦም መሆኑ ያስፈራል፤ ነገር ግን ለማዳመጥ በዚህ ምክንያት የሚጠፋው ከ0.2 ዲሲቤል አይበልጥም። 145 ላይ እንዲያውም ከቀጭኑ አርጂ 58 የተሻለ ነው። የሚያበላሸው ውሃ ነው፤ ኮኔክተሩን በቴፕ ጠቅልሉ፣ ቤት ከመግባቱ በፊትም ዝናቡ እንዲንጠባጠብ ገመዱን ወደ ታች አጉብጡት።

ጣና ዳር የሆነ ሰው ሐይቁ እንደ ባሕር ሲግናል ያጠናክራል ብሎ አይጠብቅ። የባሕር ውሃ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው ከጣፋጭ ውሃ በመቶዎች እጥፍ ይበልጣል። ሐይቁ የሚሰጠው ከቤቶች ጫጫታ መራቅንና ወደ ሰሜን የተከፈተ አድማስን ነው። ለዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ የ145.800 ስርጭት ይህ ዋጋ አለው። እዚያ ላይ የዶንግሉን የፍሪኩዌንሲ ስህተት አርሙ፤ የ50 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 50) ስህተት በዚህ ባንድ 7 ኪሎኸርዝ ስለሚሆን ጥሩውን ሲግናል ከማጣሪያው ውጭ ያወጣዋል፤ ጣቢያው ሲያልፍም ፍሪኩዌንሲው ራሱ 3.5 ኪሎኸርዝ ያህል ወደ ላይና ወደ ታች ይሄዳል። የውሸት ኤፍኤም ጣቢያዎች ባንዱ ላይ ከታዩ ጌይኑን በ3 ዲሲቤል ቀንሱ፤ እውነተኛው በ3 ሲወርድ የውሸቱ ከዚያ በላይ ይወርዳል። የ88–108 ማገጃ ፊልተር የሚገዛው ይህ ሲረጋገጥ ነው።

ሰዓትም ይመርመር። ከቀኑ 6 ሰዓት 7 ሜጋኸርዝ ላይ ሩቅ አገር ካልተሰማ መሣሪያው አልተበላሸም፤ የአዮኖስፌር (በኤሌክትሪክ የተሞላው የላይኛው ከባቢ አየር) የታችኛው ንብርብር በፀሐይ ብርሃን ሞገዱን እየዋጠው ነው፤ ከፀሐይ መጥለቅ በኋላ ይከፈታል። ኤፍቲ8 (በኮምፒውተር የሚነበብ አጭር ዲጂታል መልእክት) ስክሪኑ ላይ በግልጽ እየታየ የማይነበብ ከሆነ የኮምፒውተሩን ሰዓት አስተካክሉ፤ ዙሩ 15 ሰከንድ ስለሆነ ጥቂት ሰከንድ ማፈንገጥ ሁሉንም ያጠፋል። የእኛ የቀን ሰዓት ላይ 3 ሲደመር የዓለም ሰዓት (ዩቲሲ) ይሆናል፤ የማታው ላይ ደግሞ 15፣ ድምሩ 24 ከደረሰ 24 ይቀነሳል።

በክረምት የሚሰማው ጯ የሚል ፍንጣቂ የመብረቅ ነው፤ ፌራይት አያስቆመውም። ነጎድጓድ ከመቅረቡ በፊት ገመዱን ከዶንግሉ ንቀሉና ጫፉን ከመስኮት ውጭ ጣሉት፤ ጠረጴዛ ላይ ትታችሁት አትሂዱ።